ጋራንቲው ያለቀበት ስልክ ሲበላሽ፦ ከነጌሌ እስከ ሞያሌ ያሉን አማራጮች

በውስጥ መስመር ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ ቃሉ ሳይቀየር ይመላለሳል፦ ስልኬ ተበላሽቷል፣ ጋራንቲው አልፏል፣ እዚህ ነጌሌ ላይ ሆኜ ምን ላድርግ? አንዳንዱ ከአዶላ ነው የሚጽፈው፣ አንዳንዱ ከፊልቱ፣ አንዳንዱ ከያቤሎ ወይም ከሞያሌ። ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ለሚኖር ሰው «ሰርቪስ ሴንተር ውሰደው» ማለት መልስ አይደለም። የመኪና ደርሶ መልስ፣ አልጋ፣ ምግብ ሲደመር ጥገናውን ሊበልጠው ይችላል።

ስልኩ ደግሞ መደወያ ብቻ አይደለም። ቴሌብር ያለው እሱ ውስጥ ነው። የኮሌጅ ሃንድአውት እሱ ውስጥ ነው። ገበያ ከመውጣቱ በፊት የፍየልና የበሬ ዋጋ ደውሎ የሚጠይቀው ነጋዴ ያለ እሱ አንድ ቀን ማደር አይችልም። ስለዚህ የምናውቀውን ሰብስበን እዚህ አስቀምጠናል። ረዘም ይላል፤ ሴቭ አድርጉትና ሲያስፈልጋችሁ ተመለሱበት።

መጀመሪያ፦ እውነት ተበላሽቷል?

ቻርጅ አልገባ ካላችሁ ጠጋኝ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የቻርጅ ቀዳዳውን በሌላ ስልክ ባትሪ መብራት እዩት። በእኛ አካባቢ አቧራ አለ፣ የኪስ ብናኝ አለ፣ ሁለቱ ተጠቅጥቀው ቀዳዳው ውስጥ ይደርቃሉ፤ የቻርጀሩ ጫፍ እስከ መጨረሻ አይገባም። ስልኩን አጥፉ፣ በእንጨት ስቴኪኒ በቀስታ ቆሻሻውን አውጡ። መርፌ አትጠቀሙ፤ መርፌ ብረት ነው፣ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን መገናኛዎች ያጣብቃል ወይም ይሰብራል። ከዛ በሌላ ገመድ፣ ቀጥሎ በሌላ ቻርጀር ሞክሩ። በዚህ ብቻ «ቻርጅ አይገባም» ከሚባሉት ስልኮች ብዙዎቹ ይድናሉ። ገመድ መቀየር ደግሞ ከሁሉም ርካሹ ጥገና ነው።

ስልኩ ቀርፋፋ ከሆነና በየመሃሉ የሚዘጋ ከሆነ ሚሞሪውን እዩ። ቲክቶክና ቴሌግራም የሚያወርዱት ነገር ተጠራቅሞ ቦታ ሲያልቅ ስልኩ የሞተ ይመስላል እንጂ አልሞተም። ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግ ገብታችሁ የተጠራቀመውን ማጥፋት ይቻላል፤ ቻናሉ ላይ ያለው ፋይል እዛው ስለሚቆይ በፈለጋችሁት ጊዜ መልሳችሁ ታወርዱታላችሁ።

በጣም የሚግል ከሆነስ? እዚህ ላይ የአየሩን ነገር መርሳት የለብንም። አፕል ለምሳሌ ስልኮቹ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው አየር ውስጥ እንዲሠሩ ነው የሚመክረው። ዶሎ አዶ ላይ እኩለ ቀን ላይ 35 ማለት ደግ ቀን ነው! ስልኩ ሲግል ራሱ የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሳል፣ ቻርጅ መቀበል ያቆማል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። ይሄ ብልሽት ሳይሆን ራሱን እየጠበቀ ነው። ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ ካቨሩን አውልቁለት፣ ሲበርድ ሞክሩት። ፍሪጅ ውስጥ ግን አታስገቡ፤ ውስጡ ጤዛ ይይዛል።

ጀርባው ካበጠ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ከተነሳ ግን ጨዋታ የለም። ያበጠ ባትሪ ነው። ቻርጅ አታድርጉ፣ አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ትራስ ስር አድርጋችሁ አትተኙ። በዛው ቀን ባትሪው ይውጣ።

ጋራንቲውስ እውነት አልቋል?

ብዙ ሰው ጋራንቲን ከገዛበት ቀን ይቆጥራል። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ እና አይቴል ሦስቱም የአንድ ኩባንያ፣ የትራንሽን፣ ስልኮች ናቸው። ጥገናቸውን የሚሠራው ካርልኬር የሚባለው የራሱ ሰርቪስ ነው። በነዚህ ስልኮች ላይ ስልኩ መጀመሪያ ተከፍቶ ሲም ገብቶበት ሥራ የጀመረበት ቀን በሲስተም ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ ሱቅ ሼልፍ ላይ ስድስት ወር የቆየ ስልክ የጋራንቲ ቀኑ ከምትገምቱት ሊለይ ይችላል። *#06# ብትደውሉ አይኤምኢአይ የሚባለው 15 አሃዝ ቁጥር ይመጣል። በካርልኬር አፕ ወይም ለሰርቪሱ ደውላችሁ በዚያ ቁጥር ማስጠየቅ ትችላላችሁ። ቁጥሩን ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ስልኩ ሲሞት ወይም ሲሰረቅ ከየት ታመጡታላችሁ?

ሁለት ነገር ግን እወቁ። አንደኛ፣ የፋብሪካ ጋራንቲ የፋብሪካን ጥፋት ነው የሚሸፍነው። ወድቆ የተሰበረ ስክሪን፣ ውኃ የገባበት፣ መንገድ ላይ የተከፈተ ስልክ፣ ቀኑ ባያልፍም አይሠራለትም። ሁለተኛ፣ ጋራንቲ ብዙ ጊዜ ስልኩ የተሸጠበት አገር ወይም ክልል ላይ ነው የሚሠራው። ከዱባይ ወይም ከኬንያ የመጣ ስልክ ሳጥኑ ላይ አንድ ዓመት ስለተጻፈ ብቻ አዲስ አበባ ላይ ይሠራልኛል ብላችሁ አትገስግሱ። መጀመሪያ ደውላችሁ ጠይቁ።

ከፋብሪካው ጋራንቲ ሌላ ሰው የሚረሳው ነገር ሕጉ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተበላሸ ዕቃ የተሸጠለት ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው የግድግዳ ጽሑፍ ይህን አያጠፋውም። ከዛ ውጭ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ የተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ እንደሆነ ይናገራል። ይሄ ሁሉ ግን የቆመው በደረሰኝ ላይ ነው። ያለ ደረሰኝ የተገዛ ስልክ ቃል ለቃል ነው የሚሆነው፤ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ብትከሱም መጀመሪያ የሚጠየቀው ወረቀት ነው። ሻጩ ደረሰኝ የለኝም ካለ ቢያንስ ክፍያውን በቴሌብር ወይም በባንክ ፈጽሙ፤ መቼና ለማን እንደከፈላችሁ ማስረጃ ይቀራል።

እዚሁ የሚጠገነውና የማይጠገነው

ነጌሌ ላይ፣ ሞያሌ ላይ፣ ያቤሎ ላይ ጎበዝ ሞባይል ሰሪዎች አሉ። ብዙዎቹ እንደኛው ዲግሪ ሳይኖራቸው ከሌላ ሰሪ ሥር ቁጭ ብለውና ዩቲዩብ እያዩ የተማሩ ልጆች ናቸው። ይህን የምንለው ለማሞገስ ብቻ አይደለም፤ አንዳንድ ጥገና እዚሁ ቢሠራ ይሻላል፣ አንዳንዱ ደግሞ እዚህ ባይነካ ይሻላል።

ባትሪ፣ የቻርጅ ቀዳዳ፣ ስፒከር፣ ማይክ፣ የማብሪያ ቁልፍ፣ ስክሪን፦ እነዚህ የሚነቀሉና የሚተኩ ዕቃዎች ናቸው። መለዋወጫው ካለ እዚሁ ይሠራሉ። ችግሩ መለዋወጫው ነው። የቴክኖና የአይቴል የቆዩ ሞዴሎች ብዙ ሰው እጅ ላይ ስላሉ ዕቃቸው ይገኛል። ብዙም ያልተሸጠ ሞዴል ከያዛችሁ ግን ሰሪው ከአዲስ አበባ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመርካቶ፣ ማስመጣት አለበት። ቀን ይፈጃል። ስልክ ስትገዙ «ይሄ ሞዴል እዚህ ከተማ ስክሪኑ ይገኛል ወይ?» ብሎ ሰሪን መጠየቅ ከካሜራው ሜጋፒክስል በላይ ይጠቅማል። ይህን የሚያደርግ ሰው ግን ብዙም አላየንም።

ስክሪን ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ገንዘብ የሚበላው እሱ ነውና። «ኦሪጅናል ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይናገርም። ከፋብሪካው የወጣ ዕቃ አለ፣ ከሌላ ስልክ ተነቅሎ የመጣ እውነተኛ ስክሪን አለ፣ ኮፒ አለ። ስልካችሁ አሞሌድ ስክሪን ከነበረውና የተተካው ርካሽ ኤልሲዲ ከሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ፦ ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል፣ ውፍረቱ ይጨምራል፣ የጣት አሻራው ስክሪኑ ውስጥ ከነበረ ደግሞ መሥራት ያቆማል። ኮፒ መግዛት ኃጢአት አይደለም፤ አቅም ከሌለ ምን ይደረጋል። ኮፒን በኦሪጅናል ዋጋ መግዛት ነው ክፋቱ። ስለዚህ ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይነገራችሁ።

ሰሪው አዲሱን ስክሪን በማጣበቂያ ከመዝጋቱ በፊት ሰክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። አንድ አፕ በጣታችሁ ይዛችሁ በስክሪኑ ሁሉ ላይ ጎትቱት፤ የሆነ ቦታ ላይ ከለቀቀ እዛ ጋ ታቹ አይሠራም ማለት ነው። ነጭ ፎቶ ከፍታችሁ ነጠብጣብ ፈልጉ። ደውላችሁ ስልኩን ጆሮ ላይ ስታደርጉት ስክሪኑ መጥፋቱን፣ የፊት ካሜራው መሥራቱን እዩ። ሳምሰንግ ከሆነ *#0*# ብትደውሉ የመፈተሻ ገጽ ይከፍታል። የተሰበረውን አሮጌ ስክሪን መልሳችሁ ውሰዱ። የእናንተ ንብረት ነው፣ ደግሞም አንዳንዱ መስታወቱ ብቻ የተሰነጠቀ ስለሚሆን ዋጋ አለው። ውኃ ይቋቋማል የተባለ ስልክ አንዴ ከተከፈተ በኋላ እንደ ድሮው ይቋቋማል ብላችሁ አትመኑ።

ባትሪ ላይም እንደዛው ነው። ላዩ ላይ 5000 ተብሎ ስለታተመ 5000 ይይዛል ማለት አይደለም። ገዝታችሁ ሁለት ሦስት ቀን ተከታተሉት፣ በፊት ስልኩ አዲስ እያለ ከሚቆየው ጋር አወዳድሩ። ሰሪው ቢያንስ የአንድ ወር የራሱን ጋራንቲ በወረቀት ቢሰጣችሁ መልካም ነው፤ ቀን፣ የስልኩ ሞዴል፣ የተቀየረው ዕቃ፣ ዋጋ፣ ፊርማ። ግማሽ ገጽ ይበቃል።

የማይበራ ስልክ፣ ኔትወርክ ጨርሶ የጠፋበት፣ ቻርጅ ላይ ሆኖ የሞተ ስልክ ሌላ ነገር ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ በሚመጣው ኃይል ወይም በርካሽ ቻርጀር የተነሳ ቦርዱ ላይ ያሉ ጥቃቅን ቺፖች ይቃጠላሉ። ይህን ለመሥራት ማይክሮስኮፕ፣ ጥሩ የሙቀት ማሽን እና የሞዴሉን የቦርድ ካርታ ይጠይቃል። መሣሪያው ያለው ሰሪ ካገኛችሁ ጥሩ። ከሌለው ግን «እስቲ ልሞክረው» የሚለውን አመስግናችሁ ስልኩን ያዙና ውጡ። ቦርድ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በመጀመሪያው ብልሽት ሳይሆን በሁለተኛው ሙከራ ነው።

ሌላው ቶሎ የሚመጣው ቃል «ፍላሽ እናድርገው» ነው። ፍላሽ ማለት የስልኩን ሶፍትዌር እንደ አዲስ መጫን ነው። ሎጎ ላይ ለቆመ ስልክ ይረዳል። ግን ውስጥ ያለውን ፎቶ፣ ቁጥር፣ ፋይል ሁሉ ሊያጠፋው ይችላል። እና ከዛ በኋላ አንድሮይድ ስልክ በፊት የገባበትን የጉግል አካውንት ይጠይቃል። ኢሜይሉን ሱቅ ውስጥ ሌላ ሰው ከፍቶላችሁ ከነበረና ፓስዎርዱን ካላወቃችሁት በራሳችሁ ስልክ ደጅ ትቀራላችሁ። ዛሬ ስልኩ ደኅና እያለ ኢሜይላችሁን አረጋግጡ።

ውኃ ከገባበት

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ዝናብና በመስከረም መጨረሻ በሚጀምረው ላይ ሰሪ ቤት የሚሞላው በዚህ ነው። ወዲያው አጥፉት። «ይሠራ ይሆን?» ብላችሁ አታብሩት፣ ቻርጅ አትሰኩ። ሲምና ሚሞሪ አውጡ፣ አድርቁ፣ በዛው ቀን ተከፍቶ ውስጡ በአልኮል እንዲጸዳ ውሰዱት። ሩዝ ውስጥ መቅበር የሚባለው ነገር ዱቄትና ብናኝ ያስገባል እንጂ ቦርዱ ሥር ያለውን ውኃ አያወጣም። ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ማስጣትም ባትሪውን ይገድለዋል። ከሦስት ቀን በኋላ ደርቆ ቢሠራ እንኳ ዝገቱ ከውስጥ ይቀጥላል። ስለዚህ ቢያንስ ፎቶዎቻችሁን በቶሎ ገልብጡ።

ስልኩን ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት

ይሄኛውን በተለይ እህቶቻችን ደጋግማችሁ አንብቡት። ስልክ ለጥገና ሰጥቶ ፎቶ መሰረቅ፣ ከዛ «ካልከፈልሽ እለጥፈዋለሁ» መባል፣ በየከተማው የሚሰማ ነገር ነው። ሰሪ ሁሉ እንዲህ ነው ማለታችን አይደለም። ግን ስልክ ከፍቶ መስጠት ቤት ከፍቶ እንደመሄድ ነው።

ስልኩ የሚበራ ከሆነ ፎቶዎችን ወደ ጉግል አካውንት፣ ወደ ኮምፒዩተር ወይም ወደ ሚሞሪ ካርድ ገልብጡና ከስልኩ አጥፉ። «በቅርብ የጠፉ» የሚለውን ፎልደርም ባዶ አድርጉ። ሲምና ሚሞሪ አውጡ። ስክሪን ወይም ባትሪ ለመቀየር ፓስዎርድ አያስፈልግም፤ ለመፈተሽ ካስፈለገ እናንተው ቆማችሁ ክፈቱለት። በቅርብ ዓመታት የወጡ ብዙ የሳምሰንግ ሞዴሎች ላይ የጥገና ሞድ የሚባል አለ፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስታበሩት ሰሪው ስልኩን መፈተሽ ይችላል፣ ፎቶና መልእክታችሁን ግን አያይም። የቴሌብር ወይም የኤምፔሳ ፒን ለማንም፣ በምንም ምክንያት አይሰጥም። ለጥገና ፒን የሚያስፈልግበት አንድም ሁኔታ የለም።

እና ሳትረሱት፦ ገንዘባችሁ ስልኩ ውስጥ አይደለም ያለው። ስልኩ ቢሞት ሲሙን በእህታችሁ ቁልፍ ያለው ስልክ ላይ አድርጋችሁ *127# ብትደውሉ ቴሌብር ይሠራል። ሲሙ ከጠፋ ኢትዮ ቴሌኮምን በ994፣ ሳፋሪኮምን በ700 ደውላችሁ አዘጉትና መታወቂያ ይዛችሁ በዛው ቁጥር ሌላ አውጡ።

ወደ ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ መላክ

እዚህ የማይሠራ ከሆነ የሚቀረው መላክ ነው። ብዙ ሰው በሹፌር ወይም በሚሄድ ዘመድ ይልካል፤ እሱም ይሠራል፣ ግን አንዳንድ ነገር ይጠይቃል። ከመላካችሁ በፊት የስልኩን አራቱንም ጎን፣ ስክሪኑንና አይኤምኢአይ ቁጥሩን በሌላ ስልክ ፎቶ አንሱ። ሲም፣ ሚሞሪ፣ ካቨር ይቅር። አጥፍታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉትና ጠንካራ ካርቶን ውስጥ አድርጉት። ያበጠ ባትሪ ያለው ስልክ አትላኩ፣ በአውሮፕላን ደግሞ ጭራሽ። ተቀባዩ ስልኩን ለሰሪ ከመስጠቱ በፊት ከእናንተ ጋር በስልክ ላይ ሆኖ ዋጋውን ያስነግር፤ «ከፍቼ ልየውና እነግርሃለሁ» ከተባለ የማየት ብቻ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። ከተባለው ዋጋ በላይ ከሆነ ሳይሠራ ይደወልልኝ በሉ።

ኦፊሴላዊ ሰርቪስ ጋራንቲ ላለቀበት ስልክም በክፍያ ይሠራል። ዋጋው ከመንገድ ሰሪ ይወደዳል፣ ግን ዕቃው ከፋብሪካው ነው። አይፎን የያዛችሁ ደግሞ አፕል ኢትዮጵያ ውስጥ የራሱ ሱቅ እንደሌለው እወቁ። አዳዲሶቹ አይፎኖች ላይ የማይታወቅ ስክሪን ወይም ባትሪ ሲገባ ሴቲንግ ውስጥ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ይመጣል፤ ያገለገለ አይፎን ስትገዙም ይህን ማየት ነው።

መጠገን ወይስ መተው?

ሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስልክም መለዋወጫም ከውጭ ስለሚመጣ ሁለቱም ተወደዱ። ግን አዲስ ስልክ ሲወደድ ያገለገለውን መጠገን የሚያዋጣበት ሁኔታ ሰፋ።

እኛ የምንጠቀምበት ስሌት ይሄ ነው። ስልካችሁ ደኅና ቢሆን ዛሬ ስንት ይሸጣል? 8,000 ብር ይሸጣል እንበል። ጥገናው ከነመላኪያው እስከ 3,000 ከሆነና የተበላሸው አንድ ነገር ብቻ ከሆነ አሠሩት። 4,000 ካለፈ ቆም በሉ። ስክሪኑም ባትሪውም ከሆነ፣ ወይም ቦርድ ከሆነ፣ ለመለዋወጫ ሽጡትና ገንዘቡን ሌላ ላይ ጨምሩ። የሞተ ስልክም ስክሪኑ ደኅና ከሆነ ሰሪ ይገዛዋል። ከመሸጣችሁ በፊት ግን ውስጡ ያለው መጥፋቱን እርግጠኛ ሁኑ፤ ካልበራና ማጥፋት ካልቻላችሁ እኛ ብንሆን አንሸጠውም።

ኢንሹራንስስ?

ቦረና ላይ ኢንሹራንስ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው የከብቱን ነው። በ2004 ዓ.ም ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ ቦረና ላይ የጀመረው ማለት ነው። የዛ አሠራር ይገርማል፦ ማንም መጥቶ የሞተ ላም አይቆጥርም። ሳተላይት የግጦሹን አረንጓዴነት ያያል፣ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ለገባው ሁሉ ይከፈላል።

የስልክ ኢንሹራንስ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የእናንተ ስልክ፣ በዛ ቁጥር፣ በዛ ቀን፣ በዛ ምክንያት መበላሸቱን እናንተው ናችሁ የምታስረዱት። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ነገር ይታወቅ፦ የተበላሸ ስልክ ኢንሹራንስ አይገባም። መድን ወደፊት ሊደርስ ለሚችል ነገር ነው እንጂ ለደረሰ ነገር አይደለም። ስክሪኑ ከተሰነጠቀ በኋላ «አሁን ልግባና ይሠራልኝ» ማለት አይቻልም። አሳውቃችሁ ካልነገራችሁ ደግሞ ማታለል ነው፣ ውሉም ይፈርሳል።

ሰው «የስልክ ኢንሹራንስ» እያለ የሚቀላቅላቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንዱ የጋራንቲ ማራዘሚያ ነው፤ የፋብሪካ ጥፋትን ለተጨማሪ ጊዜ ይሸፍናል፣ ስብራትን አይነካም። ሌላው የስክሪን ዋስትና ነው። በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ካርልኬር ራሱ ይሸጠዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ በተገዛ በጥቂት ቀናት ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። አዲስ ስልክ ስትገዙ «እዚህስ አለ ወይ?» ብላችሁ ሻጩንና ሰርቪሱን ጠይቁ፤ ሰርቪሱ ካላወቀው ሻጩ ለሸጠላችሁ ካርድ ገንዘብ አትክፈሉ። ሦስተኛው እውነተኛው ኢንሹራንስ ነው፣ ከኢንሹራንስ ኩባንያ የሚገዛ። አገራችን ውስጥ ከመንግሥቱ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ጀምሮ በርካታ የግል ኩባንያዎች አሉ፣ ሁሉንም ፈቃድ የሚሰጣቸው ብሔራዊ ባንክ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች መድን የሚባል ሽፋን አላቸው። ግን በተግባር ይበልጥ የሚመቸው ለድርጅት ነው፦ ላፕቶፕ፣ ፕሪንተር፣ ካሜራ፣ ታብሌት አንድ ላይ ለሚያስገባ። አንድ ስልክ ብቻ ይዞ ለሚሄድ ልጅ የሥራ ወጪው ራሱ አያዋጣቸውም። ፎቶ ቤት፣ የኢንተርኔት ካፌ ወይም የቪዲዮ ሥራ ያላችሁ ግን ጠይቁ፣ ይጠቅማችኋል።

ከጠየቃችሁ ደግሞ በወረቀት የሚመለስ ጥያቄ ይሁን። ስርቆትን ይሸፍናል? ኪስ ውስጥ መሰረቅን ወይስ ቤት ተሰብሮ ብቻ? መውደቅና ውኃን ይሸፍናል? በየጉዳቱ መጀመሪያ ከእኔ ኪስ የሚወጣው ስንት ነው? ይሄ የመጨረሻው ብዙ ነገር ይወስናል። ስልኩ 10,000 ብር ሆኖ በእያንዳንዱ ጉዳት የመጀመሪያው 3,000 ብር በእናንተ ከሆነ፣ የ2,500 ብር የስክሪን ጥገና ላይ ኩባንያው ምንም አይከፍልም። እንዲሁም የሚከፈለው ስልኩ ሲገዛ ባወጣው ነው ወይስ ዛሬ በሚያወጣው? እርጅናና የባትሪ መድከምን የትኛውም መድን አይሸፍንም። ሲሰረቅ ለፖሊስ ማመልከትና ለኩባንያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ነጌሌ ላይ ሆናችሁ ለማን፣ በየትኛው ስልክ እንደምታሳውቁ ውሉ ላይ አንብቡ።

እኛን ብትጠይቁን፣ ለአንድ ስልክ የሚያዋጣው መድን እቁብ ነው። አምስት ስድስት ጓደኛሞች ሆናችሁ በየወሩ ትንሽ ትንሽ አስቀምጡ፣ ስልክ የተበላሸበት ቅድሚያ ያንሣ። የቦረና ሰው ከብቱ ላለቀበት በቡሳ ጎኖፋ ከብት ሰብስቦ ያቋቁመዋል፤ ለስልክ እንኳ ማንም ሽማግሌ አይሰበሰብላችሁም፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው። እና ጥሩ ካቨርና የስክሪን መስታወት። ከሁሉም ርካሹ መድን እሱ ነው።

ከሞያሌ ማዶ የመጣ ስልክ

ከኬንያ በኩል የሚመጣ ስልክ ዋጋው ያጓጓል። ግን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እወቁ። ኬንያ ውስጥ ስልክ በየቀኑ እየተከፈለ በዱቤ የሚሸጥበት አሠራር በጣም ሰፍቷል፤ ሊፓ ምዶጎ ምዶጎ የሚባለው አለ፣ ኤምኮፓ የሚባለው አለ። ገዢው ክፍያ ካቆመ ኩባንያው ስልኩን ከርቀት ይቆልፈዋል። እንዲህ ያለ ስልክ ክፍያው ሳያልቅ ድንበር ከተሻገረ እናንተ እጅ ላይ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ሠርቶ አንድ ጠዋት ስክሪኑ ላይ «ክፈል» የሚል ይወጣል። ይህን እንደ ብልሽት ይዘው ሰሪ ቤት የሚመጡ አሉ። ፍላሽም አያስተማምንም፤ ቁልፉ ኢንተርኔት ሲያገኝ ሊመለስ ይችላል። ሕጋዊ መፍትሔው ዕዳው መከፈል ብቻ ነው፣ ዕዳው ደግሞ በሌላ ሰው ስም ነው።

ስለዚህ ስትገዙ ስልኩን እዛው ፊት ለፊታችሁ ሻጩ ከራሱ አካውንት ወጥቶ ሙሉ ለሙሉ ፋክተሪ ሪሴት ያድርገው። ከዛ በእናንተ ዋይፋይ ወይም ዳታ ከኢንተርኔት ጋር አገናኙትና እንደ አዲስ ሲከፈት እዩ። የድሮ ባለቤቱን ኢሜይል ከጠየቀ፣ ወይም «ይህ ስልክ በድርጅት ይተዳደራል» የሚል ወይም የክፍያ አፕ በራሱ ሲወርድ ካያችሁ መልሱለት። ሳጥኑ ላይ ያለው አይኤምኢአይ በ*#06# ከሚመጣው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። «ኔትወርክ ስለሌለ በኋላ ቤትህ ታየዋለህ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ኔትወርክ እስኪመጣ ቁጭ ብላችሁ ሻይ ጠጡ።